ለአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት «ቦታ ማስያዣ» እንዳትከፍሉ

ጎንደር ያላችሁ፣ ልጆች ይዛችሁ ወደ አሜሪካ ልትሄዱ የተነሳችሁ ወገኖቼ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት «ቦታ እናስይዝላችኋለን» ለሚል ሰው አንድ ብር እንዳትሰጡ። እኔ 38,000 ብር ሰጥቼ ነው የምነግራችሁ።

ባለቤቴ ሜሪላንድ ነው ያለው። እኔና ሁለቱ ልጆች የቪዛ ኢንተርቪው አልፈን ትኬት ስንጠብቅ፣ ፎርም ላስሞላ ብዬ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የጉዞ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ገባሁ። የቢሮው ልጅ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ቡናም አስመጣልኝ። «እታለም፣ ልጆቹን የት ልታስተምሪ ነው? የመንግሥቱ ለዜጋ ብቻ ነው፤ የሌላ አገር ልጅ ሙሉ ወጪውን ይከፍላል። እኛ ሳይሞላ እናስይዝልሽ» አለኝ። ለአንድ ልጅ 19,000። የአንዱን በሞባይል ባንኪንግ ላክሁ፣ የሌላውን በእጁ ቆጠርኩለት። ደረሰኝ ስለው ከደብተር ቀዶ ጽፎ ሰጠኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ የልጅ ነገር ሲሆን ግን ሰው ይደነግጣል።

በሳምንቱ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ስም ያለበት ደብዳቤ በቴሌግራም ደረሰኝ። ባለቤቴ ቢደውል ትምህርት ቤቱ ስማችንንም አያውቅ። ወደ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የትምህርት ምዝገባ ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ ደግሞ መልሳቸው አጭር ነበር፤ የት ነው የምትኖሩት? የቤት ኪራይ ውል፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃና የክትባት ካርድ አምጣ። ስለ ክፍያ ያነሳ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚመደበው በመኖሪያ አድራሻ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የሌለው ልጅ እንኳ በነጻ ከመማር እንዳይከለከል ወስኗል፤ እንደ እኛ በኢሚግራንት (በቋሚ ነዋሪነት) ቪዛ የሚገባውማ ምን ይባላል! ስለዚህ ትምህርት ቤት መረጥኩ ማለት ሰፈር መረጥኩ ማለት ነው። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት አድራሻው የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ እዚያ ያለው ዘመዳችሁ ይጠይቅላችሁ። ያን 38,000 ለኪራዩ ባደረግሁት!

እኔን ያናደደኝ ውሸቱ እውነት የተቀላቀለበት መሆኑ ነው። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የሚሄድ ልጅ በእርግጥ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ መግባት አይችልም፤ ሁለተኛ ደረጃም ቢሆን ቢበዛ 12 ወር ነው፣ ሙሉ ወጪውን ከፍሎ። የቢሮው ልጅ ይህን የሌላ ሰው ሕግ ወስዶ በእኔ ልጆች ላይ ለጠፈው። የግል ትምህርት ቤት የምትፈልጉ ካላችሁ ራሳችሁ በቀጥታ ጻፉላቸው።

ልፋታችሁን እዚህ ለሚያልቀው ወረቀት አድርጉት። ክትባት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኛ ጋ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተወጋውን አይቆጥሩም። የጤና ጣቢያዋን ካርድ ሳይቀር፣ ለቪዛው የጤና ምርመራ የተወጉበትንም ወረቀት በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ከሌለ እንደገና ይወጋሉ። ትልቁ ልጄ 10ኛ ክፍል ስለሆነ የ9ኛ ክፍል ውጤቱን በማኅተም አሽጌ አውጥቻለሁ፤ እዚያ ለመመረቅ የሚቆጠረው ከ9ኛ ጀምሮ ያለው ነው። የልደት ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲዞር ፓስፖርቱና ሰርተፍኬቱ አንድ መሆናቸውንም እዩ፤ ልጅ ክፍል ሲመደብ ዕድሜው ይታያል።

እንግሊዝኛ አይችሉም ብላችሁ አትጨነቁ። ፈትነው ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት ይሰጧቸዋል፣ በነጻ። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲማ ለወላጅ የሚወጣውን መረጃ በአማርኛም ይተረጉማል።

የቢሮውን ልጅ ገንዘቤን መልስ ስለው «የአገልግሎት ነው» አለኝ። ንግድ መምሪያ ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ደረሰኝ ነው። የደብተር ቅዳጇን አወጣሁላቸው። በባንክ የላክሁት ማስረጃ አለው፣ በእጅ የሰጠሁት ግን የለውም። እንደ እኔ የከፈላችሁ ካላችሁ የባንክ መልእክቱን እንዳታጠፉት፤ ሰኞ ጠዋት እንደገና እሄዳለሁ፣ አብረን እንግባ።