የቆመ ትራፓኖ ለቤት ወርክሾፕ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የቆመ ትራፓኖ ልግዛ ብላችሁ መርካቶ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ሁለት ነገር ነው። «ባለ 16 ነው» ይላል፤ ቀጥሎ የሞተሩን ዋት ይጠራል። ሁለቱም ውሸት አይደለም። ግን ለወራት ከሠራሁበት በኋላ፣ ዛሬ ሌላ ልግዛ ብል ሁለቱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው «ቀስ ሲል ስንት ይዞራል?» ብዬ ነው። ከዚያ ቻኩን፣ ማለትም መብሻውን ጨብጦ የሚይዘውን ራስ፣ ይዤ እነቀንቀዋለሁ።

የኔው የቻይና ሥሪት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር። 550 ዋት፣ 220 ቮልት፣ እስከ 16 ሚሊሜትር ፑንታ (መብሻ) የሚይዝ። ያው ማሽን በአረንጓዴም በሰማያዊም በቀይም ተቀብቶ በተለያየ ስም ይሸጣል። ስለዚህ ስሙን መጥራቱ ብዙ አይጠቅማችሁም። ጓሮ ባለችኝ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ከቱቦላሬ የጠረጴዛ እግር፣ ለዘመድና ለጎረቤት የኪችን ካቢኔት፣ አልፎ አልፎ መቀርቀሪያ ምናምን። እንጀራዬ አይደለም፤ ግን ቅዳሜና እሁድ እረፍት የለውም።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ለተራ ብረት የምጠቀምበት ሒሳብ ቀላል ነው፦ 8000ን በፑንታው ሚሊሜትር ማካፈል። ለ5 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ 1600 ዙር ገደማ ይሆናል፤ ለ10 ሚሊሜትር 800። የ50 ሚሊሜትር ክብ ቀዳዳ የሚቆርጥ መጋዝ ብረት ላይ ካስገባችሁ 160 ይደርሳል። አሁን ባለ 13 ሚሊሜትር የሚባሉትን ትንንሽ ማሽኖች ክዳናቸውን ክፈቱ። ብዙዎቹ ሁለት ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) እና አንድ ቺንጋ ብቻ ነው ያላቸው፤ ዝቅተኛው ፍጥነታቸው 500 ወይም 600 ላይ ይቆማል። ለእንጨትና ለቀጭን ፑንታ ምንም አይሉም። ወፍራም ብረት ላይ ግን የፑንታው ጫፍ ሰማያዊ ይሆንና ያልቅለታል። ሰው ከዚያ ፑንታውን ይሳደባል።

የኔው ሦስት ፑሌጃና ሁለት ቺንጋ አለው። መሃል ላይ ያለችው ተጨማሪ ፑሌጃ ፍጥነቱን 200 አካባቢ ታወርደዋለች። የመረጥኩትም በዚህ ነው፤ አልተጸጸትኩም። ስቴንለስ ስበሳ በደንብ ገብቶኛል። ስቴንለስ ቀስ ብሎ፣ ጠንከር ተደርጎ ተጭኖ፣ ዘይት እየጠጣ ነው የሚበሳው። ፑንታው ሳይቆርጥ ዝም ብሎ ከፈተገው ብረቱ እዚያው ይጠነክርና ከዚያ በኋላ እሺ አይልም። በዝቅተኛው ፍጥነት ግን ፍርፋሪው ረጅም ጥቅል ሆኖ ይወጣል፤ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። የሚያበሳጨው ቺንጋ መቀየሩ ነው። ክዳን ክፈት፣ ሞተሩን አላላ፣ ሁለቱን ቺንጋ አንሳ፣ መልስ፣ ወጥር። ብረትና እንጨት እያፈራረቀ የሚሠራ ሰው ይሰለቻል። እኔ የብረቱን ሥራ ጠዋት፣ የእንጨቱን ከሰዓት አድርጌ ተገላገልኩ።

ሁለተኛው ነገር መነቅነቁ ነው። ሱቅ ውስጥ ማሽኑ ሳይበራ እጀታውን እስከ ታች አውርዱትና ቻኩን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። ቀጭ ቀጭ ካለ ሌላ አስወጡ። አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ ያሉ ሁለት ማሽኖች በዚህ በኩል ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ትንሽ ብቻ ከሆነ መፍትሔ አለው። ብዙዎቹ ማሽኖች ራስ ጎን ላይ ዳዶ ያለባት አንዲት ብሎን አለች። ዳዶዋን አላልቶ ብሎኗን ጠበቅ ማድረግ፣ ከዚያ መልሶ ማሰር። ከመጠን ካለፈ እጀታው ራሱ ወደ ላይ አይመለስም። የኔው በዚህ ተስተካክሎ እስካሁን ጥሩ ነው።

ቻኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት እዚህ ነው። ቻኩ በብሎን አይታሰርም። ሾጣጣ ብረት ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በመጨናነቅ ብቻ ነው የሚይዘው። ማሽኑ ደግሞ ከፋብሪካ የሚመጣው ግራሶ ተቀብቶ ነው። ግራሶው ሳይጠረግ የተገጠመ ቻክ ሥራ መሃል ላይ ዱብ ይላል፤ ከዚያ «የቻይና ዕቃ» ይባላል። ሁለቱንም ገጽ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ የቻኩን ጥርሶች ወደ ውስጥ ሰብስቡ፣ ከታች በእንጨት መዶሻ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። የኔው እንደዚያ ከገባ ወዲህ ወርዶ አያውቅም።

የማይመቸኝ ባሕርይው ሌላ ነው። እስከ 16 የሚይዘው ቻክ ከ3 ሚሊሜትር በታች አይጨብጥም። የ2 ሚሊሜትር ፑንታ ጥርሶቹ መሃል ይንገዋለላል። ሻጩ «ባለ 16» ሲል ይህን አይነግራችሁም። ቀጭን ቀዳዳ የሚበዛበት ሥራ ካላችሁ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ለምሳሌ፣ ከ1 እስከ 13 የሚይዝ ቻክ ያለውን ፈልጉ።

ጠረጴዛው ከፑንታው ጋር ስኳድራ (ልክ 90 ዲግሪ) መሆኑን የማረጋግጠው በሽቦ ነው። ወፍራም ሽቦ ዜድ አስመስሎ አጥፎ ቻኩ ላይ ማሰር፣ ጫፉ ጠረጴዛውን ለኮፍ እስኪያደርግ ማውረድ፣ ከዚያ በእጅ ማዞር። አራቱም ማዕዘን ላይ እኩል ካልነካ ጠማማ ነው። ግራና ቀኙ ከሥር ባለው ብሎን ይስተካከላል። የፊትና የኋላው ማስተካከያ የለውም። እኔ ከለስላሳ ጣሳ ቆርጬ ከሥሩ ሸጎጥኩበት። ጣሳው 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል።

ለካቢኔት ሥራ ያለው ጥቅም ግን ከጠበቅኩት በላይ ነው። የተደበቀው ማጠፊያ 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ጥልቀቱ ደግሞ 12 ወይም 13 ሚሊሜትር። ችፑዱ ራሱ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር ነው። በእጅ ትራፓኖ ትንሽ ካለፋችሁ የበሩ ፊት ለፊት ያብጣል፤ ያ በር አለቀለት። እዚህ የጥልቀት ማቆሚያውን አንዴ አስሬ፣ ከጀርባ ጣውላ በሞርሴቶ (ዕቃን ጠረጴዛ ላይ ጨብጦ በሚያስር ማሰሪያ) ገጥሜ፣ የአንድ ኪችን በሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ይወጣሉ። ከምሰሶው እስከ ፑንታው መሃል ያለውን ርቀት አስቀድማችሁ ለኩ። ሰሌዳ መሃል ላይ መብሳት ከፈለጋችሁ የምታስገቡት ስፋት የዚያ እጥፍ ነው።

መብራትን በተመለከተ፣ ማብሪያው ዓይነቱ የግድ መታየት አለበት። የኔው በማግኔት የሚይዝ ነው፤ መብራት ሲሄድ ራሱ ይለቃል፣ ሲመጣ ደግሞ እስክትጫኑት ዝም ይላል። ተራ ማብሪያ ያለው ማሽን መብራት ሲመለስ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሳል። እጃችሁ ቻኩ ላይ ባለበት ሰዓት ቢሆንስ? መብራት በሚሄድበት አገር ይሄ ቅንጦት አይደለም። ማግኔቱ የራሱ ጣጣ አለው፦ ማታ ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርድና ማብሪያው አልይዝም ይላል። ያኔ አልታገለውም። በወረደ ቮልቴጅ የሚያቃስት ሞተር እየጋለ ነው።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሚገኙ አሮጌ የአውሮፓ ማሽኖችን የምትመኙ ካላችሁ እረዳችኋለሁ፤ ብረታቸው ሌላ ነው። ሞተሩ ላይ ያለችውን ታርጋ ግን አንብቡ። 380 ቮልት የሚል ከሆነ ሦስት ፌዝ ነው። ቤታችሁ ሦስት ፌዝ ከሌለ ወይ ሞተር ትቀይራላችሁ ወይ አንዱን ፌዝ ወደ ሦስት የሚቀይር ኢንቨርተር ትገዛላችሁ፤ ሒሳቡን ከዚያ ጋር ሥሩ። የእጅ ትራፓኖ የሚታሰርባትን ማቆሚያ ደግሞ እርሷት። ከመነቅነቅ አታድንም።

ክረምት ላይ የብረት ጠረጴዛው በአንድ ሌሊት ዝገት ያወጣል። ማታ ማታ ዘይት በነካ ጨርቅ አብሰዋለሁ፤ ዘይቱ እንጨት እንዳያበላሽ ደግሞ የኤምዲኤፍ ቁራጭ ከላይ አስሬበታለሁ። ቁራጩ ሲበሳሳ ይቀየራል።

ጓንት አይደረግም። ፑንታ ጓንት ከያዘ ጣትም አብሮ ይሄዳል። ነጠላ፣ ረጅም እጅጌ፣ የተለቀቀ ፀጉር ያው ነው። ላሜራ በእጅ ይዞ መብሳትም አይሆንም፤ ፑንታው ሊያልፍ ሲል ብረቱን ነክሶ ያሽከረክረዋል። ከሥሩ እንጨት፣ ከላይ ሞርሴቶ። አብሮት የመጣው ሞርሳ (ዕቃ በመንጋጋ የሚነክሰው ማሰሪያ) እዚህ ላይ አያስተማምንም፤ መንጋጋው ሲጠብቅ ዕቃውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ከማሽኑ እስካሁን በሌላ የቀየርኩት እሱን ብቻ ነው። ቺንጋዎቹ ጠርዛቸው መላላጥ ጀምሯል፤ ቁጥራቸው ላያቸው ላይ ስለተጻፈ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛሉ። ከቀጣዩ ኪችን በፊት ሁለቱንም እቀይራለሁ።