ጀሶ ማሰር ላስተማሩኝ ጋሼ

ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ዛሬ የማመሰግናቸው ሰው ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም። እኔም ጋሼ ብዬ አልፋለሁ።

ጋሼ በአንድ የግል ክሊኒክ የጀሶ ባለሙያ ናቸው። ሐኪሙ ስብራቱን አይቶ ሲወስን ጀሶውን የሚያስሩት፣ ጊዜው ሲደርስም የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ከባጃጅ የወደቀው፣ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቶ የተንሸራተተው ልጅ፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ነው። እኔ ነርሲንግ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ነው ያገኘኋቸው።

መጀመሪያ ያስያዙኝ ከጀሶው ሥር የሚጠቀለለውን ጥጥ ነው። ቁርጭምጭሚትና ክርን ላይ ጥጡ ከሳሳ ቆዳው ይቆስላል። ቀጥሎ ውሃው። ጀሶ ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ በሙቅ ውሃ ከነከሩት ሰውየውን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ ደግሞ እጄ። "በመዳፍሽ! በጣትሽ አትጫኚ!" ጣት የተጫነበት ቦታ ጎድጉዶ ይደርቅና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጫናል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጀሶው ካለቀ በኋላ ያለውን ነው። ጋሼ "ጨርሰናል፣ ሂድ" አይሉም። ጣቶቹን አንቀሳቅስ ይሉታል። ጥፍሩን ተጭነው ቀለሙ ቶሎ መመለሱን ያያሉ። ከዚያ አስታማሚውን ይጠራሉ። ከገጠር ከመጣ በሲዳምኛ ነው የሚነግሩት፦ "ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይ ከደነዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን አምጡት። እስኪነጋ አትጠብቁ።" መልሶ እስኪነግራቸው አይለቁትም። ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታላ! ወጌሻ በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ አስሮት እጁን ያጣ ልጅ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ጋሼ ግን ወጌሻን አይሳደቡም። "ሰው ቅርቡ ያለው ጋ ነው የሚሄደው" ይላሉ። እኔ እናደዳለሁ።

የመቁረጫው ማሽን ሲጮህ ልጆች ያለቅሳሉ። ምላጩ ግን አይሽከረከርም፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ፤ ስለዚህ ቆዳን በቀላሉ አይቆርጥም። ጋሼ መጀመሪያ ምላጩን የራሳቸውን መዳፍ ያስነኩታል። ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ ምላጩ ሲግል ቆዳ እንደሚያቃጥልና እያረፉ መቁረጥ እንደሚገባ አስጠንቅቀውኛል።

ላስተማሩኝ ስንት ልክፈል ስላቸው "ጥጥ ግዢ" አሉኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ!

ሙያውን መልመድ የምትፈልጉ የጤና ተመራቂዎች፣ ሰርተፍኬት ከእሳቸው አትጠብቁ፤ እሱ ከማሠልጠኛ ተቋም ነው። እጃችሁን ለማፍታታት ግን ከጋሼ የተሻለ አላውቅም። የተሰበረ ዘመድ ያላችሁም በውስጥ ጻፉልኝ፣ ክሊኒኩን እጠቁማችኋለሁ። ጠዋት ሰው ይበዛል፣ ከሰዓት ይሻላል። ራጁን ይዛችሁ ሂዱ።