አዲሱን ኮምባይነር ከማሳው ጋር ላስማማልን ባለሙያ፣ እጅህ ይባረክ

አዲስ ዲዛይን ያለው ኮምባይነር ማሳ ሲገባ ገበሬ ደስታም ሐሳብም ይይዘዋል። ማጨጃው ሰፊ ነው፣ ፍሬ ብዙ አይሰብርም፣ ዝናቡ ሳይቀድም ይጨርሳል ተብሎ ይጠበቃል። በሌላ በኩል ክብደቱ መሬቱን ይጠቀጥቀዋል፣ ድሮ በመፍቻ ይስተካከል የነበረው ሁሉ ስክሪን ውስጥ ገብቷል፣ ከገለባው ጋር ምን ያህል እህል እንደሚወድቅም ከካቢኑ አይታይም። ይህን ሁሉ ሐሳብ ላቀለለልን የመስክ ቴክኒሺያን ምስጋናችን ከልብ ነው። ባለሙያ የምትፈልጉ ሰዎች መለኪያ እንዲሆናችሁ የሠራውን በዝርዝር እንጽፈዋለን።

ሥራውን የጀመረው ከማሽኑ ኋላ ተንበርክኮ ነው። የገለባ መበተኛውን አስጠፍቶ ገለባው በመስመር እንዲወድቅ አደረገ። ከዚያ አንድ ካሬ ሜትር ለክቶ፣ ገለባውን አራግፎ፣ መሬት የቀረውን ስንዴ አንድ በአንድ ቆጠረ። ሌላ ሁለት ቦታም ቆጥሯል፤ አንዱ ገና ካልታጨደው ሰብል ሥር በራሱ ጊዜ የረገፈውን፣ ሌላው ማጨጃው አልፎበት ገለባ ያልወደቀበትን። ሦስቱ ካልተለዩ ጥፋቱ የማጨጃው ይሁን የመውቂያው አይታወቅም።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማጨጃው 6 ሜትር ሰፍቶ ገለባው 1.2 ሜትር መስመር ላይ ሲወድቅ፣ ከማሽኑ ኋላ የሚወጣው ፍሬ በመስመሩ ላይ 5 እጥፍ ተጠቅጥቆ ነው የሚታየው። ገለባ ያልወደቀበት ቦታ ቁጥር ተቀንሶ 500 ፍሬ ቀረ እንበል። የ1000 ፍሬ ክብደት 40 ግራም ከሆነ 500ው 20 ግራም ነው። ለ5 ሲካፈል በካሬ ሜትር 4 ግራም፣ በሄክታር 40 ኪሎ ይሆናል። ማካፈሉን የረሳ ሰው 2 ኩንታል ጠፋ ብሎ ያስደነግጣል፤ ከዚያም ያለምክንያት ማሽኑን ያዘገያል፣ አዝመራውም ይጓተታል።

ስክሪኑ ላይ ያለው የብክነት ጠቋሚም ኪሎ አይመዝንም። በወንፊቱና በገለባ መለያው ጫፍ የተገጠመው ሰሌዳ ፍሬ ሲመታው የሚሰማውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቴክኒሺያናችን መሬት ላይ የቆጠረውን ይዞ ወደ ካቢኑ ከወጣ በኋላ ነው የጠቋሚውን ስሜት ያስተካከለው። ይህን ሳያደርግ «አውቶማቲክ ነው፣ ራሱ ያውቃል» የሚላችሁን ባለሙያ አትቀበሉ።

ቀጥሎ ማስተካከያ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል፣ ከዚያ ሄዶ ይቆጥራል። እህሉን የሚወቃው ከበሮ 60 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ካለውና በደቂቃ 900 ጊዜ ከዞረ ጠርዙ በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ለስንዴ የሚያስኬድ ፍጥነት ነው። ነገር ግን ጠዋት ጤዛ ሳለ የተስተካከለው ቀትር ላይ ሰብሉ ሲደርቅ ፍሬ ይሰብራል። ስለዚህ ቀትር ላይ ተመልሶ ዙሩን ወደ 820 አወረደው፣ ዛላው ላይ የቀረ ፍሬ አለመኖሩን በመዳፉ አሽቶ አየ። የተሰበረ ፍሬ ሲበዛ መጀመሪያ ዙሩ ይቀነስ፤ ከከበሮው ሥር ያለውን የፍርግርግ ክፍተት ማስፋት ከዚያ በኋላ ነው። ያልተወቃ ዛላ ሲበዛ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ካልበቃ ዙሩ ይጨመራል።

ወንፊቱን ያየበት መንገድ በጣም ጥሩ ነበር። ማሽኑ በሙሉ ጭነት እያጨደ ሳለ በድንገት አስቆመው፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ቁልፉ ወጣ፣ ከበሮው እስኪቆም ጠበቀና ከፈተ። እህሉ ወንፊቱ ላይ በነበረበት ቀርቷል። ፍሬው እስከ ኋላ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ከላዩ ደግሞ እብቅ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። የማራገቢያው ነፋስ አንሶ እብቁን አላነሳውም፤ ፍሬው በእብቁ ላይ ተንሳፍፎ ይወጣ ነበር። የማራገቢያውን ዙር ጨመረ፣ የላይኛውን ወንፊት በ2 ሚሊ ሜትር ከፈተ፣ ዳግም ቆጠረ። ነፋሱ ከመጠን ካለፈ ግን ፍሬውንም ይዞ ይወጣል።

አንዳንድ ኮምባይነር በከበሮው ፈንታ ሮተር አለው፤ ይህ በማሽኑ ርዝመት የተኛ፣ እየዞረ የሚወቃና ፍሬውን ከገለባው የሚለይ ረጅም ሲሊንደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በኒው ሆላንድና በኢንተርናሽናል ሀርቬስተር ኩባንያዎች የመጣ ነው። ፍሬው በኃይል ከመመታት ይልቅ ደጋግሞ ስለሚታሽ ስብራቱ ያንሳል። ደረቅ ገለባን ግን ያደቀዋል፣ ድቃቂው ወንፊቱን ያጨናንቃል። ከበሮና ገለባ ማራገፊያ ካለው ማሽን ወደ ሮተር የሚሸጋገር ሰው የድሮ ቁጥሮቹን ይዞ መምጣት የለበትም።

ክብደቱን በተመለከተ፣ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ በስንዴ ሲሞላ ብቻውን ከ7 እስከ 8 ቶን ይደርሳል፣ አብዛኛው የሚያርፈው በፊት ጎማ ላይ ነው። የጎማ ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ከጭነት ሰንጠረዡ ጋር አስተያየው። እርጥብ መሬት ላይ ማጠራቀሚያው ግማሽ ሲሞላ እንዲራገፍ፣ የጭነት መኪናውም በአንድ መንገድ ብቻ እንዲመላለስ መከረ።

ሲሄድ ሁሉንም ቁጥር በወረቀት ጽፎ ትቶልናል፣ የስሕተት ኮድ እንዴት እንደሚነበብም ኦፕሬተሩን አስተምሯል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገበሬ የራሱን ማሽን እንዳይጠግን በሶፍትዌር መቆለፉ የዓለም ጥያቄ ሆኗል፤ የአሜሪካዋ ኮሎራዶ አምራቾች መመሪያና መመርመሪያ እንዲሰጡ የሚያስገድድ የእርሻ መሣሪያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጋለች። በየቀኑ ጭስ ማውጫው አካባቢ የሚከማቸውን እብቅ በኮምፕረሰር መንፋት፣ ኩሽኔታዎቹ መጋላቸውን ማየት እንዳይረሳም አስጠንቅቋል። አብዛኛው የኮምባይነር እሳት ከእነዚህ ቦታዎች ነው የሚነሳው።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ከመደወላችሁ በፊት የማሽኑን ሞዴል፣ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት፣ የእህሉን እርጥበትና ስክሪኑ ያሳየውን ኮድ ጽፋችሁ ያዙ። ከማሽኑ ኋላ የወደቀውን ገለባ ደግሞ እስኪደርስ አትንኩት፣ ይቆጥረዋል።