ቁጥር 6 ዘንግ ለትራውትም ለስቲልሄድም ይበቃል? ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ

የፍላይ ፊሺንግ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው፣ 9 ጫማ። ቁጥር 6፣ ካርቦን፣ አራት ቦታ ተፈታትቶ ቱቦ ውስጥ የሚገባ። "አንድ ዘንግ ለሁለቱም" ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ለትራውትም (የወንዝ ዓሣ ነው) ለስቲልሄድም (ባሕር ወርዶ የሚመለሰው ትራውት) ማለታቸው ነው። ከሜይ ጀምሮ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ዴሹትስ ወንዝ ላይ ይዤው ከርሜአለሁ፣ ዊንተር ከገባ ወዲህ ደግሞ በቀጥታ ፓሲፊክ የሚገቡት ወንዞች ላይ። ሳላስረዝም ልንገራችሁ። ለትራውት አሪፍ ነው። ለሰመር ስቲልሄድ ይሄዳል። ዊንተር ላይ ይለግማል።

ለአዲስ ሰው ቁጥሩን ላስረዳ። በፍላይ ፊሺንግ የምትወረውሩት ዝንቡን ሳይሆን ክሩን ነው። ዝንቡማ ላባና ጸጉር የተጠመጠመበት መንጠቆ ነው፣ በራሱ ክብደት የትም አይደርስም። ስለዚህ ክሩ ወፍራምና ከባድ ተደርጎ ይሠራል፣ የዘንጉም ቁጥር የሚናገረው የትኛውን ክር መሸከም እንደሚችል ነው። የቁጥር 6 ክር የመጀመሪያው 30 ጫማ 160 ግሬን ይመዝናል፣ አሥር ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። የቁጥር 8ቱ 210 ግሬን ነው። ሲሰሙት ኢምንት ልዩነት ይመስላል። ከሰዓት በኋላ የዴሹትስ ሸለቆ ውስጥ ነፋሱ ሽቅብ ሲነሳ ግን ትከሻችሁ ልዩነቱን ይነግራችኋል።

ከትራውቱ ልጀምር፣ ደስታው የሚበዛው እዚያ ስለሆነ። ሜይ መጨረሻና ጁን መጀመሪያ ላይ ሳልሞንፍላይ የሚባለው ነፍሳት ከውሃው ይወጣል። ጣት የሚያህል፣ ሆዱ ብርቱካንማ፣ መብረሩን በደንብ ያልተማረ የሚመስል ነገር ነው። ዳር ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ይንጠለጠላል፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ውሃው ላይ ጠብ ይላል። ትራውቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ከዳር አይርቁም፣ ቅርንጫፍ ጥላ ሥር ሆነው ይጠብቃሉ። ያንን የሚያህል ዝንብ ቅርንጫፍ ሥር ማስገባት ለስላሳ ዘንግ ይከብደዋል፣ ይሄኛው ግን ምንም አልመሰለውም። ከኋላ ዛፍ ስላለ ክሩን ወደ ኋላ መላክ አይታሰብም፣ ውሃው ላይ እንደተኛ አንከባሎ ወደ ፊት መስደድ ነው ያለው፣ ለዚህ ርዝመቱም ጉልበቱም ልክ ነው። ዝንቡ ያርፋል። ትንሽ ይንሳፈፋል። ከሥሩ ጥላ ይንቀሳቀሳል፣ አፍንጫ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ዝንቡ የለም። ይህንን አይቶ ልቡ የማይዘል ሰው ካለ ሌላ ስፖርት ይፈልግ።

ፈተናው ወራጁ ነው። መሃል ያለው ውሃ ከዳሩ ስለሚፈጥን ክሩን ቀድሞ ይወስደዋል፣ ዝንቡም ክሩን ተከትሎ ውሃው ላይ መንሸራተት ይጀምራል። እውነተኛ ነፍሳት እንደዚያ አይሄድም፣ ትራውቱም ዞር ብሎ አያየውም። መፍትሔው ክሩን በዘንጉ ጫፍ አንስቶ ሽቅብ መልሶ ማስተኛት ነው፣ እሱንም ዝንቡን ሳይነኩ። ጫፉ ደረቅ ያለ ዘንግ ለዚህ ይመቻል። ይኸው ድርቀት ግን በሌላ በኩል ያስከፍላል። በትንንሽ ዝንብ ስታጠምዱ ጫፉ ላይ የምታስሩት ቀጭን ክር 5ኤክስ ከሆነ ውፍረቱ 0.006 ኢንች ብቻ ነው፣ በዚህ ዘንግ ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ካነሳችሁ ጧ ይላል። የኤክሱ ቁጥር ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፣ እኔ አሁን ከ4ኤክስ የቀጠነ አላስርም፣ ጠራ ባለ ውሃ ላይ አንዳንድ ዓሣ ክሩን አይቶ እንደሚሸሽ እያወቅሁም ቢሆን። ደግሞ 25 ሳንቲሜትር የምታህል ትራውት ስትይዝ ዘንጉ አይጎብጥም እንኳ፣ ጨዋታው ይቀንሳል። ትንንሽ ጅረት ላይ ለምታጠምዱ ቁጥር 4 ይሻላችኋል፣ ይህን አትግዙ።

ስቲልሄድ ላይ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ዓሣው ራሱ ሬይንቦው ትራውት ነው፣ ወንዝ ውስጥ አድጎ ባሕር የወረደ፣ እዚያ ፋፍቶ ለመራባት የተመለሰ። ፓሲፊክ ሳልሞኖች ከመራባት በኋላ ይሞታሉ፣ ስቲልሄድ ግን ሁሉም አይሞትም፣ ተመልሶ ባሕር የሚገባም አለ። ወንዝ ከገባ በኋላ ለምግብ ብዙ ደንታ ስለሌለው ነፍሳት አስመስሎ ማታለሉ ያን ያህል አያስኬድም። የሚደረገው ሌላ ነው። ክሩን በሰያፍ ወደ ታች ትወረውራላችሁ፣ ወራጁ ዝንቡን እየጎተተ እስከ ዳር ያመጣዋል፣ አንድ ሁለት እርምጃ ትወርዱና ትደግማላችሁ። ቀኑን ሙሉ። አጥማጆቹ የሺህ ውርወራ ዓሣ ይሉታል፣ አላጋነኑም። ታችኛው ዴሹትስ ላይ ደግሞ ጀልባ ላይ ሆኖ ማጥመድ ክልክል ነው፣ በጀልባ ብትመጡም ወርዳችሁ በእግር ነው፣ ድንጋዩም ሳሙና ነው፣ ያለ ምርኩዝ እንዳትገቡ።

በተንሳፋፊ ክርና በትንሽ ዝንብ ከሆነ ዘንጉ ይህን ሥራ ያለ ችግር ይሠራዋል፣ ነፋስ እስካልመጣ። ጠዋት ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ሳትገባ ያለው ሰዓት ለዚህ ዘንግ የተሠራ ነው። ንክሻው ሲመጣ ግን የትራውት ልማድ ጠላት ነው። ትራውት ሲነክስ ዘንጉን ቶሎ ታነሳላችሁ። ስቲልሄድ ላይ ያ ማለት ዝንቡን ከአፉ መንጠቅ ነው። ከጣታችሁ ሥር ትንሽ ክር አላልታችሁ ትተዋላችሁ፣ ዓሣው ዝንቡን ይዞ ሲዞር ያችን ክር ይወስዳል፣ መንጠቆውም ራሱ አፉ ጥግ ላይ ይሰካል። መጀመሪያ ክሩ ከበድ ይላል፣ ቀጥሎ ያላላችሁት ክር ከጣታችሁ ሥር ይሸሻል፣ ከዚያ ሪሉ፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ማለት ነው፣ ይጮሃል። እዚህ ላይ እጅን መያዝ እንዴት ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረ ነው።

ቁጥር 6 ጉልበቱ የሚያልቅበትም እዚህ ነው። ሁለት ኪሎ የሚሆነውን ይመልሳል። ከዚያ በላይ የሆነው ወራጁ መሃል ገብቶ ሲቆም ዘንጉ እስከ እጀታው ይጎብጥና እናንተም ዓሣውም ትፋጠጣላችሁ። ይህ ለፎቶ ያምራል፣ ለዓሣው ግን መጥፎ ነው። በረዘመ ቁጥር ይዝላል፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል፣ እና ብዙውን ጊዜ የምትለቁት ዓሣ ነው። ከጭራው ቀደም ብላ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ካልተቆረጠች የዱር ነው ማለት ነው (ማርቢያ ውስጥ የተፈለፈሉት ላይ ነው የምትቆረጠው)፣ እሱ ይለቀቃል። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥማ የሚለቀቀውን ስቲልሄድ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣትም ሕግ መጣስ ነው። ቁጥሩ መመናመኑ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከባሕር የተመለሰው በጣም ስላነሰ ዴሹትስ ላይ ስቲልሄድ ማጥመድ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ "ቀጭን ዘንግ ፍልሚያውን ያጣፍጠዋል" የሚሉት ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም።

ዊንተር። ውሃው ይሞላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ወደ ታች ይወርዳል። ዝንቡን እዚያ ለማድረስ የሚሰምጥ ጫፍ ያለው ክርና ከባድ ዝንብ ያስፈልጋል፣ ይህ ዘንግ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ማንሳት አይችልም። ወረወርኩት ትላላችሁ፣ የወደቀው እግራችሁ ሥር ነው። ብርዱ ሲጠና ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ላይ በረዶ ይይዛል፣ የጫፏ ቀለበት ጠባብ ስለሆነች ቶሎ ትደፈናለች። በየጊዜው በጣት እያሞቁ ማስለቀቅ ነው።

ኖቬምበር ላይ ደግሞ ጫፉ ተሰበረ። ዓሣ ይዞ እንዳይመስላችሁ፣ ባዶ ውርወራ መሃል ነው። ብረት ራስ ያለው ዝንብ በነፋስ ተገፍቶ ካርቦኑን ሲመታው የማይታይ ስንጥቅ ይተዋል፣ ስብራቱ በሌላ ቀን ይመጣል። ፋብሪካው የዕድሜ ልክ ዋስትና አለኝ ይላል፣ አለውም፣ ግን የአገልግሎት ክፍያ አስከፍለው ከወር በላይ አቆይተው ነው ጫፉን የላኩት፣ ያውም ወቅቱ በደመቀበት ሰዓት። የዕድሜ ልክ የሚለው ቃል ዘንጉን ይመለከታል እንጂ የእናንተን ዕረፍት ቀን አይመለከትም።

ሌላው ደህና ነው። የእጀታው ቡሽ መሙያው እየተነቀለ ትንንሽ ጉድጓድ አውጥቷል፣ አያሳስብም። መገጣጠሚያዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲወረወር ስለሚላሉ ትንሽ ሻማ ቀብቼ ነው የምገጥማቸው፣ በየመሃሉም እነካካቸዋለሁ። አንዴ ላልቶ እየተወረወረ ከቆየ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ለዊንተሩ ባለ ሁለት እጅ ዘንግ እያፈላለግሁ ነው፣ ይህን ግን አልሸጠውም። የምትገዙት ከሆነ አብሮት በነጻ የሚመጣውን ክር ለልምምድ አስቀሩት። እኔ ዘንድ የነበረው በሦስተኛው ወር ቆዳው ተሰነጣጥቆ ጫፉ መስመጥ ጀመረ፣ ተንሳፋፊ ተብሎ የተሸጠ ክር። ከ160 ግሬን ትንሽ ከፍ የሚል ሌላ ክር ስጭንበት ያ ድርቅ ይል የነበረው ዘንግ ቅርብ ውርወራ ላይ መታጠፍ ጀመረ፣ ቅድም ያማረርኩበት የክር መበጠስም ከግማሽ በላይ ቀነሰልኝ።