የዳቦ ቅርጫቴን ለሠሩልኝ እናት

ስማቸውን ለምን እንዳልጻፍኩ አስቀድሜ ልናገር። «ፌስቡክ ላይ ላመሰግንዎት ነው» ስላቸው «ምስጋናውን ጻፊ፣ ስሜን ተይው» አሉኝ። ፎቶም አይፈልጉም። «ቱሪስት ሲያነሳኝ የኖረው ይበቃኛል» ነው ያሉት። ስለዚህ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። እዚሁ ባህር ዳር፣ ጣና ዳር የሚኖሩ የነገደ ወይጦ እናት ናቸው። ሥራቸው ደንገል ነው፤ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከዚህ ረጅም የውሃ ተክል ዕቃ ይሠራሉ።

እኔ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። በ2017 የስስ ፌስታል ክልከላ አዋጅ ሲጸድቅ ደንበኞቼ «ታዲያ በምን እንያዝ?» ማለት ጀመሩ። እውነታቸውን ነው። ወረቀት ውድ ነው፤ ትኩስ ዳቦ ሲገባበት ደግሞ ላብ ይዞት ቤት ሳይደርስ ይቀደዳል። ቅርጫት በመያዣ ለመስጠት አሰብኩ። ደንበኛው ብር አስይዞ ይወስዳል፣ ሲመልስ ብሩን ይቀበላል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

የመጀመሪያዎቹን 20 ቅርጫቶች ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ገዛሁ። የማን ሱቅ እንደሆነ ይቅር። በሦስተኛው ሳምንት ሻገቱ። አንዲት ደንበኛዬ ሰው ፊት አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ «እስቲ አሽትቺው» አለችኝ። አሸተትኩት። ቀኑን ሙሉ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

እትዬ ጋ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። የሻገተውን ቅርጫት ይዤ ሄድኩ። ገለበጥ አድርገው አዩትና ሳቁ። «ይሄ የኛው እጅ ነው። ግን እርጥብ ነው። ለሱቅ አድርሱ ብለው አጣድፈውን የተሠራ ነው።» የተከፈላቸውን ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። እኔ ከከፈልኩት ሩቡን እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር። ይህን ሰምቼ ስሄድ አዝኜ፣ በሳምንቱ ለማዘዝ ስመለስ በዋጋ ተከራከርኩ። ያውም ጥርሴን ነክሼ። እትዬ አልተከራከሩኝም። አንድ ያልደረቀ ደንገል አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የጣና ልጅ ሆኜ ይህንን ልብ ብዬ አላውቅም። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ስትጫኑት ውሃ ያወጣል። «ይሄ ውሃ እስኪወጣ ጸሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ ማታ ይነሳል። ዝናብ ከነካው እንደገና ነው። ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ነው የሚሠራው። አሁን አንቺ ዋጋውን ንገሪኝ» አሉኝ። ያሉትን ከፈልኩ።

በቀጠሮው ቀን አላደረሱልኝም። ስልካቸውም አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፣ ይህንን ከአሁኑ እወቁት። ተናድጄ ሄድኩ። ቅርጫቶቹ ተሠርተው ተደርድረዋል። እሳቸው ግን «ገና ነው» አሉ። አንዱን አንስተው ጆሮዬ ላይ አስጠግተው ጨመቅ አደረጉት። «ሲደርቅ ይንኮሻኮሻል። ይሄ ዝም ይላል።» ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ አንድም አልሻገተብኝም።

ያመጧቸው ቀን የሆነውን ካልጻፍኩ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ነው። ቤት ቡና ተፈልቷል። እናቴ አለች። እናቴ ያደገችው ገጠር ነው፣ «ከወይጦ ጋር አይበላም አይጠጣም» ሲባል እየሰማች። ቅድመ አያቶቻቸው ጉማሬ አዳኝ ነበሩ በሚል ሰበብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ ሲነፍጋቸው ኖሯል። ከሐይቁ ማዶ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ሲመጣ ያየነውን የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ፣ ሲኒ የሚነፈጋቸውም እነሱ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው «አልቀመጥም፣ ጠጥቻለሁ» አሉ። እንዳልጠጡ አውቃለሁ፤ ከነጋ ጀምሮ ዕቃ ሲያስጭኑ ነበር። ሳይባሉ ቀድመው «ጠጥቻለሁ» ማለትን ስንት ቤት ደጃፍ እንደለመዱት እግዜር ይወቅ። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ለአፍታ ቆመች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ «አፈር ስሆን! አቦሉ ሳይቀዳ የት ይኬዳል?» ብላ ወንበር ሳበች። እትዬ ተቀመጡ። ሦስተኛው ላይ ስለ ጉልበት ሕመም እያወሩ ነበር። ሲሄዱ እናቴ ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ሲኒውን ከሌሎቹ ጋር ነው ያጠበችው።

በሌላ ቀን እትዬ ራሳቸው ደወሉልኝ። የሐይቁን ዳር ስለማጽዳት ስብሰባ አለ፣ አብረሽኝ ነይ። «አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ አንቺን ይሰሙሻል።» ቅር ቢለኝም ሄድኩ። የተናገሩት ሆነ። እሳቸው ሦስት ጊዜ እጅ አወጡ፣ ሰብሳቢው አላያቸውም። እኔ አንዴ አወጣሁ፣ ተሰጠኝ። ዕድሉን ለእሳቸው አሳለፍኩ።

ከዚያ በፊት ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተስማምቶ የሚጠበቅበት ቦታ) ሆኖ መመዝገቡ ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቶበት ነበር። እትዬ ተነስተው ያሉት አጭር ነው። «መመዝገቡን ዛሬ ሰማሁ። ደግ ነው። ግን ጽዳት ስትሉ ደንገሉን መንጥራችሁ ባዶ ታደርጉታላችሁ። ደንገል ቆሻሻ አይደለም። ዓሣው የሚራባው እዚያ ነው። ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል የሚይዘው እሱ ነው። እኛ ስናጭድ ሥሩን አንነካም፣ መልሶ ይበቅላል። እናንተ ግን ከነሥሩ ነው። እምቦጭን በእጃችን እየነቀልን ደንገልንም ከነቀልን ምን ይቀረናል?»

አዳራሹ ዝም አለ። ሐይቁን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ ከ2004 ወዲህ ያልተሰበሰበ የለም። የደምቢያ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል በቴሌቪዥን አይተናል። ስለ ደንገል ግን እንዲህ ሲነገር መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን ጸሐፊው ጎን ቆሜ አረጋገጥኩ። መልስ ግን እስካሁን የለም። እትዬ ለሚቀጥለውም እሄዳለሁ ብለዋል። ሌላም የምትመጡ ካላችሁ አዳራሹ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው። የዳቦ ቅርጫት፣ ባለ ክዳን ሙዳይ፣ ምንጣፍ ይሠራሉ። ቡና ቤት ወይም እንግዳ ማረፊያ ያላችሁ የአምፖል ሽፋንም ጠይቋቸው፤ የሠሩትን አንድ አይቻለሁ፣ ማታ ሲበራ ያምራል። ቀብድ ግማሹን ስጡ፣ ደንገል የሚያጭዱላቸው ልጆች የሚከፈሉት ከዚያ ነው። በክረምት አትዘዙ፣ አይደርቅም። ቅርጫቱን በውሃ አትጠቡት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ አልፎ አልፎ ጸሐይ አሳዩት። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ስብርባሪ ያራግፋል፣ ጨርቅ አንጥፉበት።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምታውቁኝ ዳቦ ቤት ኑና ራሴ አገናኛችኋለሁ። የማታውቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የኔ ሁለተኛ ትዕዛዝ 40 ቅርጫት ነው፣ «ከጥምቀት በፊት እንዳትጠብቂ» ተብያለሁ። እናንተ ከኔ ኋላ ናችሁ፣ ወረፋ አይሰበርም።