ብረት +2 እና ብረት +3፦ አንድ ኤሌክትሮን የሚለያቸው ወንድማማቾች

የፕሮቶን ቁጥራቸው አያከራክርም፤ የሁለቱም 26 ነው። አንድ ፕሮቶን ቢጨመር ኮባልት እንጂ ብረት አይባልም። ልዩነቱ በኤሌክትሮኖች ላይ ነው፦ ገለልተኛው አቶም 26 ሲኖረው፣ +2 አዮኑ (አዮን ማለት እዚህ ኤሌክትሮን የጎደለው አቶም ነው) 24፣ +3 አዮኑ 23 አለው።

ብዙ ተማሪ የመደመር ምልክቱን ሲያይ ኤሌክትሮን መጨመር ይቃጣዋል። ምልክቱ የሚናገረው ግን የተጨመረውን ሳይሆን የጎደለውን ነው፤ 26 ፕሮቶን ከ24 ኤሌክትሮን ጋር ሲተያይ ሁለት ይተርፋል፤ በቃ።

የኤሌክትሮኖቹ አወጣጥ ላይ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለ+2 የሚወጡት በአራተኛው ዛጎል ያሉት ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ለ+3 ሦስተኛው የሚወጣው ከ3ዲ፣ ማለትም በሦስተኛው ዛጎል ካለው ንዑስ ዛጎል ነው፤ በዚያ የሚቀሩት አምስቱ በአምስት ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮን ማደሪያዎች) አንድ አንድ ሆነው ይደለደላሉ። ይህ አደላደል +3ን ያጸናዋል። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሆነው የ+2 ውሁድ በአየር ላይ ሲቆይ ወደ ቡናማ የሚያደላውም ኦክስጅን ያችን አንድ ኤሌክትሮን ስለሚወስድ ነው። ዝገትም በአብዛኛው +3 ነው።

ለልምምድ +3ን እመርጣለሁ፤ የበለጠ ያስተምራል። ለደም ግን +2 ይሻላል፤ ኦክስጅን በሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ውስጥ ያለው ብረት ወደ +3 ከተለወጠ ኦክስጅን መያዝ አይችልም።