ቀለም የተቀባ አሮጌ የመኪና ውሃ ፓምፕ እንደ አዲስ እየተሸጠ ነው፤ ካርቶኑን ሳትከፍቱ አትክፈሉ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ያላችሁ፣ መኪናችሁን በግቢያችሁ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይህን ሳታነቡ ዕቃ እንዳትገዙ። እኔ 7,500 ብር ከፍዬ አሮጌ ፓምፕ ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ። ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩም የታሸገ ነበር።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1998 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር ናት፣ ሞተሯ ስሪ ኤስ (3S) የሚባለው። በዚህ ሞተር የውሃ ፓምፑን፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዘዋውረውን፣ የሚያዞረው ታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን ጊዜ የሚያስተካክለው ባለ ጥርስ ቀበቶ) ራሱ ነው። ስለዚህ ፓምፕ መቀየር ቀላል ሥራ አይደለም። ሞተሩ በክሪክ ይደገፋል፣ ሽፋኑ ይፈታል፣ ቺንጋው ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው እጅ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። በየሦስት ቀኑ ውሃ ይጎድላል። ከታይሚንግ ሽፋኑ ስር ደርቆ የቀረ አረንጓዴ ምልክት አየሁ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ የፓምፑ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) ያጉረመርማል። ፓምፑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃው እንዳይወጣ የሚያግደው የውስጡ ሲል ሲያልቅ ውሃው በዚያች ይወጣል፤ ባለቤቱ ቶሎ እንዲያውቅ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። የእኔም መንጠባጠብ ጀምራ ነበር።

ወደ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ካርቶኑን አውርዶ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ጃፓን ነው፣ አትጠራጠር» አለኝ። ፕላስቲኩን ልቅደድ ስለው፣ «ከተቀደደ መልሼ አልሸጠውም፣ ከፍለህ ቅደደው» አለ። እዚህ ጋ ነው የተሸወድኩት። ከፈልኩ። የሰጠኝ ወረቀትም የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ከስሩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ያለበት።

ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ሥራውን ጀመርን። ልጁ ጋራዥ የሚሠራ ነው፣ እጁም ንጹህ ነው። ፓምፑን ሲያገላብጥ፣ «ጋሼ፣ ቀለሙ የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ሁሉ ገብቷል እኮ» አለኝ። የፋብሪካ ቀለም ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያን ጊዜ ብሰማው ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ቺንጋውንም፣ መወጠሪያውንም አብረን ቀየርን። የታይሚንግ ምልክቶቹን አገጣጠምን፣ ሞተሩን በእጃችን ሁለት ሙሉ ዙር አዙረን ምልክቶቹ መመለሳቸውን አየን። የሠራነው ሥራ ስህተት አልነበረውም።

ሦስት ሳምንት ቆየ። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ፣ ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማ በርን ዳገት እየወጣሁ፣ የሙቀቱ መርፌ ተነሳ። ዋሻው ጋ ሳልደርስ ዳር ያዝኩ። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ይወጣል፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከኋላ አሉ። ያ ዳገት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉም ሲወርድ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና አያይህም። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

በኋላ ስንፈታው ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ውሃውን ታፈሳለች። አዲሱ ቺንጋ ርሷል። የፓምፑን ጆሮ (ብሎን የሚገባበትን) በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው የብር መልክ ያለው ቀለም ተላጠ፣ ከስሩ ዝገት ወጣ። ብሎን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ክብ የቁልፍ ጭረት አለ። ከዚህ በፊት ሌላ ሞተር ላይ ተገጥሞ የነበረ ዕቃ ነው። ለሻጩ ባሳየው፣ «አገጣጠም ስለማታውቁ ነው» አለኝ።

ስለዚህ አደራ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ፕላስቲኩን አስቀድዱ። እምቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ። የፓምፑ ፊት፣ ጓርኒሲዮኑ (በፓምፑና በሞተሩ መካከል ገብቶ ውሃ የሚያግደው) የሚያርፍበት፣ ለስላሳና ያልተፋቀ መሆን አለበት። ቀለም እዚያ ላይ ካለ አሮጌ ነው። ፑሊውን (ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ) ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል። ስታዞሩት እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር ከተሰማችሁም ተውት። ቺንጋውን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ ስፋቱንና የጥርሱን ቁጥር። ታጥፎ የተቀመጠ ቺንጋ ግን አትውሰዱ፣ ክሩ ውስጡ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

«ፓምፑን ብቻ ቀይር፣ ቺንጋው ገና ነው» የሚላችሁንም አትስሙ። ድካሙ አንድ ነው። ስሪ ኤስ ላይ ቺንጋ ቢበጠስ ሞተሩ ይቆማል እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። የድሮዎቹ ሃይሉክስና ዶልፊን ናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው።

ውሃ ብቻ መሙላትም ይቅር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ (ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። ውሃን የሚያረጋ የታኅሣሥ ውርጭም አለ። ኩላንት የፓምፑን ሲልም ይጠብቃል። እኔ ሞልቼ ነበር፣ ፓምፑ ራሱ አሮጌ ሆነ እንጂ።

ደረሰኝ ጠይቁ፣ ሕጋዊውን። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «አይመለስም» የሚል ማኅተም ያንን መብት አይሽረውም። እኔ አቤቱታዬን ለንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ፣ ፓምፑንም ሳልጥል አስቀምጫለሁ።

በቅርቡ ፓምፕ ገዝታችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ ከሞተሩ ስር፣ በቺንጋው በኩል፣ ንጹህ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካያችሁበት ጣርማ በርን እንዳትሞክሩት።